በዕቅድ ያልተያዘው ልጅ

ኅዳር 6 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ አዋሳ

ይህ ደብተር የሒሳብ ነበር። መምህሩ ወደ ይርጋለም ተዛውረው ምትክ ስላልመጣላቸው፣ ባዶውን ከሚያረጅ እኔ ልጻፍበት አልኩ። ቁጠባ ማለት ይኼ ነው። ዛሬ በቀበሌ ስብሰባ ስለ ቁጠባ ስንሰማ ዋልን። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ጥላው ዞረ፣ ሕፃናት አለቀሱ፤ ከሚቆጠቡት ነገሮች ውስጥ ጊዜ እንደሌለበት ገባኝ።

ሰብሳቢው ጎረቤታችን ጓድ ደምሴ ናቸው። እማዬ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ኃላፊ ናቸው፤ በቀበሌያችን ደግሞ የባህል ኮሚቴ ሊቀመንበር። በሥራ ቀን እማዬን ያዛሉ፣ እሑድ ሁላችንንም። ንግግር ሲጀምሩ «በመሠረቱ» ይላሉ። ሲጨርሱም «በመሠረቱ» ስለሚሉ መቼ እንደጨረሱ አይታወቅም። አንዳንድ ሰው ጨረሱ ብሎ ያጨበጭባል፣ እሳቸው ደግሞ ተበረታተው ይቀጥላሉ።

ከክፍለ ሀገሩ የመጣ አዲስ መመሪያ አነበቡልን። ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በዕቅድና በበጀት ይመራል፤ ከዕቅድ ውጭ ምንም አይሠራም። ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊትም ከወለደች በኋላም ከነደመወዟ ፈቃድ ታገኛለች። ሦስተኛ፣ ቀበሌዎች የአካባቢያቸውን ባህል አጥንተው በመድረክ ያሳያሉ። መመሪያውን በደስታ መቀበላችንን ለማየት በታኅሣሥ ከክፍለ ሀገሩ ተወካይ ይመጣሉ።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ሁለተኛው ላይ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። እማዬ ክርኔን ያዘችኝ።

«ሮማን! ምን ሆነሻል? ሰው ያያል።»

ይያ! እሷ ግን ነጠላዋን ሆዷ ላይ አስተካከለች።

እማዬ አርግዛለች። ማንም አያውቅም፤ ማለቴ፣ እሷ ማንም የማያውቅ ይመስላታል። የመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። እዚያ ያለው ቧንቧ ከተበላሸ ወዲህ ከግቢው በርሜል ውሃ እየቀዳች በባልዲ ወደ ፎቅ ታወጣለች። ባለፈው ዓመትም ሆዷን ይዛ ታወጣ ነበር። ባለፈው ዓመት የሆነውን እዚህ አልጽፍም።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

አባዬ የእማዬን ሰማያዊ ጋዋን እንደገና ከጎኑ ፈትቶ ጨርቅ ጨመረበት። ልብስ ሰፊ ነው፤ መሃል ከተማ፣ በጋሽ ሙክታር ሱቅ በረንዳ ላይ ነው የስፌት መኪናው። የቸኮለ ሥራ ሲኖር ግን ቤት ያመጣዋል። ጋዋኑ አሁን ለሠርግ ድንኳን ይበቃል።

«ማቴዎስ፣ ሰው እንዳይነቃ» አለችው እማዬ።

«ምን ይነቃል? ወፈረች ነው የሚሉት።»

በቀበሌ ሱቅ ስኳር ማን ወፍሮ ያውቃል!

አባዬ ሲሰፋ መዝሙር ያንጎራጉራል። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ የሚዘምረው ከመኪናው ጋር ብቻ ነው፤ መኪናው ሲጮህ ይዘምራል፣ ሲቆም ይቆማል። ዛሬ አጭር ስፌት ላይ ረጅም መዝሙር ስለያዘ መርፌው ባዶውን ሲወጋ ነበር። ስቄ ልሞት።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

እማዬ ዛሬ ጓድ ደምሴን ፈቃድ ጠየቀች። አባዬ ነው የገፋፋት። እኔም ገፋፍቻታለሁ፣ ግን እኔን የሚቆጥር የለም።

ራት ላይ እንደነገረችን እንዲህ ነው የሆነው። ጓድ ደምሴ መጀመሪያ ተነሥተው ጨበጧት። «በመሠረቱ መብትሽ ነው! መመሪያውን በደስታ ተቀብለናል!» አሏት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የዓመቱን ዕቅድ ገለጡ። ገለጡ፣ ገለጡ። በመጨረሻ፣ «ጓዲት ታቢታ፣ እዚህ ውስጥ የለሽም» አሏት።

«ምኑ ውስጥ?»

«ዕቅዱ ውስጥ። ፈቃድ ስትወጪ በቦታሽ ጊዜያዊ ሠራተኛ መቅጠር አለብኝ። ለሱ በጀት ያስፈልጋል። በጀት የሚጠየቀው በሰኔ ነው። በሰኔ ምነው አልነገርሽኝ?»

በሰኔ! እማዬ በሰኔ ራሷም አታውቅም ነበር።

«እና ምን አልሽ?» አላት አባዬ።

«ምን እላለሁ? ለመጪው ዓመት ዕቅድ መጀመሪያ ላይ አስገባሻለሁ አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።»

አመስግና! እኔ ብሆን... ምንም አላደርግም ነበር መሰለኝ። ግን አላመሰግንም። የእማዬ ነገር ይኼ ነው፤ እግሯን የረገጣትን ሰው እግርህን አሞህ እንደሆነ ብላ ትጠይቃለች።

ጓድ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። መፍራታቸው ነው። ባለፈው ወር ከበጀት በላይ ክብሪት ገዝተሃል ተብለው ተገምግመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሻማ የሚያበሩት ከሻማ ነው።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ

ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የእማዬ መሥሪያ ቤት ሄጄ ውሃውን ላወጣላት ሞከርኩ። ጓድ ደምሴ ደረጃው ላይ አገኙኝ።

«ያ ባልዲ በእናትሽ ስም ነው ወጪ የተደረገው። ሌላ ሰው አይይዘውም።»

«ውሃውስ በማን ስም ነው ጓድ ደምሴ?»

«ምን አልሽ?»

«ደህና ዋሉ አልኩ።»

እማዬ ባልዲውን ከእጄ ወሰደች። ቤት የሚቀዳውን ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምቀዳው። ክንዴ ያማል። እሷ ይህን ሁሉ ጊዜ አሞኛል ብላ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ኅዳር 20፣ እሑድ

የባህል ኮሚቴ ተሰበሰበ። እኔ የቀበሌው ኪነት ቡድን ድራማ ጸሐፊ ስለሆንኩ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። (ጸሐፊ የሆንኩት ስለምችል አይደለም፤ ሌላው ሁሉ መዝፈን ስለሚፈልግ ነው።)

ጥያቄው፣ የቀበሌያችን ባህል ምንድነው? የሚል ነበር። ቀላል ይመስላል። አንዱ የሲዳማ ጭፈራ አለ። ሌላው የወላይታ ካልተጨመረ ቅር ይለናል አለ። ጋሽ ሙክታር እኛም ከዚህ ከተማ ጋር ነው ያደግነው፣ የኛስ? አሉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ተነሥቶ፣ የአዋሳ ባህል ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መብላት ነው አለ። ይኼኛው ብቻ በጭብጨባ ታለፈ። ለእያንዳንዱ ጭፈራ ልብስ ይሰፋ ሲባል ግን ጓድ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «በመሠረቱ ባህል አለን። በጀት ግን የለንም።»

ተበተንን። አጥንታችሁ ኑ ተባልን።

ከስብሰባው ስመለስ እማማ ገበያነሽ ጋ ገባሁ። የጓድ ደምሴ እናት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር አጥር ለአጥር ነን። ጓድ ደምሴን በሰው ፊት «አንተ ልጅ፣ በላህ?» የሚሏቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውም እንደ እማዬ የአለታ ወንዶ አካባቢ ሰው ናቸው። አማርኛ ላይ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው።

«እማማ፣ ብዙ ወጪ የሌለው ባህል ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ወጪ የሌለው? እሱ ደምሴ ነው!»

በዚህ መሃል እማዬ ከሱቅ ስትመለስ በአጥሩ አለፈች። በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው ወገቧን ይዛለች። እማማ እስክታልፍ ድረስ በዓይናቸው ተከተሏት። ባለፈው ዓመት ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ ባዶ እጃችንን ስንመለስ በር ላይ ቆመው የጠበቁን እሳቸው ናቸው።

«አለ» አሉ ቆይተው። «አንድ ባህል አለ። ሴት ቀኗ ሲደርስ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ይመጣል። ራሷ ላይ ቅቤ ያደርጋል። ከዛሬ ወዲያ ውሃ አትቅጂ፣ እንጨት አትልቀሚ፣ ቤትሽ ግቢ ይላታል። ሰው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ሥራ ያዘዛት ሰው ጉድ ፈላበት።»

«ጉድ ፈላበት ማለት?»

«ቅቤ የቀባት ሰው ራሱ ሥራዋን ይሠራል። እስክትወልድ፣ ከወለደች በኋላም ከቤት እስክትወጣ።»

ወደ ቤት ሮጥኩ። ለእማዬ ነገርኳት።

«እኛ አገር? እንደዚህ የሚባል ነገር እኔ ሰምቼ...» ብላ ጀመረችና አቆመች። በመስኮቱ ወደ እማማ ገበያነሽ አጥር አየች። «አዎ» አለች። «አለ። ዱሮ ነበር።»

ኅዳር 27፣ እሑድ

ድራማዬ ተቀባይነት አገኘ! ኮሚቴው ፊት ራሴ አነበብኩት። ጓድ ደምሴ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ልብስ ስንት ይፈጃል?»

«ምንም። ሁሉም የራሱን ይለብሳል።»

«ከየትኛው ብሔረሰብ ነው?»

«እማማ ገበያነሽ ከአለታ ወንዶ አካባቢ ነው አሉ» አልኩ። ጋሽ ሙክታር ደግሞ፣ ነፍሰ ጡር የማያከብር ብሔረሰብ ካለ ይነሣና ይናገር አሉ። ማንም አልተነሣም።

ጓድ ደምሴ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። «በመሠረቱ ይኼ ባህል ነው። የወሊድ ፈቃድም ነው። ቁጠባም ነው። ሦስቱንም መመሪያ በአንድ መድረክ!» ደስታቸውን አይቼ አዘንኩላቸው ማለት ይቻላል።

«ሽማግሌውን ማን ይጫወተው?» አሉ።

«ከባድ ነው» አልኩ። «ረጅም ንግግር አለው። በማይክሮፎን።»

ማይክሮፎን ስል ጉሮሯቸውን አጸዱ።

ኅዳር 30፣ ረቡዕ

በችኮላ ነው የምጽፈው።

እማዬ ደረጃው ላይ ተንሸራተተች። ከነባልዲው። ምንም አልሆንኩም ትላለች። ምንም አልሆነችም። ባልዲው ነው የተጎዳው። ጋዋኗ ረጥቦ መጣች። አባዬ መኪናውን ሳያዞር ቁጭ አለ።

ምንም አልሆነችም።

ታኅሣሥ 1፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ስለ ሙሴ እጽፋለሁ፣ አንዴ ብቻ።

ሙሴ ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት ያለ ቀኑ ተወለደ፣ ስም እስኪወጣለት ድረስ ብቻ ቆየ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እማዬን፣ «ከባድ ነገር ታነሺያለሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ «አይ፣ ውሃ ብቻ» አለቻት። ውሃ ብቻ! እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም።

እማዬ ዛሬም ወደ ሥራ ሄዳለች።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

አባዬ የመፈክሩን ጨርቅ መስፋት ጀመረ። ቀይ ጨርቅ ከቀበሌ በፊርማ ወስዶ ነጭ ፊደል ይለጥፍበታል፦ «አዲሱን መመሪያ በደስታ እንቀበላለን»። ጓድ ደምሴ መጥተው ፊደሎቹ በቀላል ስፌት ይሁኑ አሉት። በዓሉ ሲያልቅ ጨርቁ ይመለሳል፤ ሌላ መመሪያ ሲመጣ ፊደሉን ቀይረን ያንኑ እንቀበልበታለን አሉ።

«ሙሉውን ለምን እንፈታለን?» አለ አባዬ። «መመሪያው ነው የሚቀየረው እንጂ በደስታ መቀበላችን አይቀየርም።»

ጓድ ደምሴ አሰቡበት። «ትክክል ነህ። ክር ይተርፋል።»

አባዬ ወደኔ ዞር ብሎ ጠቀሰኝ። አባዬ! ቀልድ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

ታኅሣሥ 9፣ ዓርብ

ልምምድ። ነፍሰ ጡሯን የምትጫወተው ብርሃነሽ ናት፤ የቡድናችን ድምፃዊት። ሆዷ ላይ ትራስ አስረናል። ከበሮ የሚመታው ሙህዲን፣ የጋሽ ሙክታር ልጅ፣ ትራሱን ባየ ቁጥር ይስቅና ምቱ ይጠፋበታል። «አንተ፣ ከበሮው ምን አደረገህ?» ትለዋለች። «ከበሮው ሁለት ሆኖብኝ ነው» ይላታል።

ቅቤው ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ጓድ ደምሴ፣ ቅቤ ውድ ስለሆነ በሳሙና አረፋ እናስመስል አሉ። እማማ ገበያነሽ ልምምዱን ሊያዩ መጥተው ነበር።

«አንተ ልጅ! የሰው ራስ ላይ ሳሙና አድርገህ ልትመርቅ ነው? ልታጥባት ነው እንዴ የመጣኸው?»

«እማዬ፣ በመሠረቱ ለትርኢት ነው...»

«ቅቤ እኔ አመጣለሁ። አንተ አፍህን አምጣ።»

ጓድ ደምሴን ያን ያህል አጭር ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ታኅሣሥ 15፣ ሐሙስ

የመጨረሻው ልምምድ። ቅዳሜ ተወካዩ ይመጣሉ።

ብርሃነሽ ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ትራሱ ጫማዋ ላይ ወደቀ። ገመዱ ተበጥሶ። ሙህዲን ከበሮው ላይ ተደፋ። ኮሚቴው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ከጓድ ደምሴ በስተቀር።

«በመሠረቱ ይህ ቀልድ አይደለም! በተወካዩ ፊት ትራሱ ቢወድቅ መመሪያው ወደቀ ነው የሚባለው!»

ድርብ ገመድ፣ ቀበቶ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሁሉም ሐሳብ መጣ። እማማ ገበያነሽ ከበሩ አጠገብ፣ «እውነተኛ ሆድ አጥር ማዶ እያለ ትራስ ምን ያደርጋል?» አሉ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ጓዲት ታቢታ?» አሉ ጓድ ደምሴ። «እሷ መድረክ ላይ? ድምፅ እንኳን የላትም።»

«መናገር የለባትም» አልኩ። «ዝም ብላ መቆም ነው። መናገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት።»

ይህ ወሰነው።

የትራሱ ገመድ ለምን እንደተበጠሰ እኔ አላውቅም። ልብስ ሰፊ ያለበት ቤት መቀስ እዚህም እዚያም ይቀመጣል።

የከበደኝ እማዬን መንገር ነበር። በሰው ፊት ሆድሽን ይዘሽ ውጪ ማለት ነው፤ ከሙሴ በኋላ። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። እጇን እያደረቀች ቆየችና፣ «የትኛውን ቀሚስ ልልበስ?» አለችኝ።

ታኅሣሥ 17፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፍ። ክንዴ ቢያመኝም።

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ቀዩ ጨርቅ ከመድረኩ በላይ ተዘርግቷል። ተወካዩ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ከፊት ወንበር ተቀመጡ፣ ከጎናቸው እማማ ገበያነሽ። እማማ ገና ሲቀመጡ፣ «አንተ ነህ ከላይ የመጣኸው? ምሳ በላህ?» አሏቸው። ጓድ ደምሴ ከመጋረጃው ኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተወካዩ ግን፣ «አልበላሁም እናቴ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጓደኛ ሆኑ።

ጭፈራው አለፈ። ድራማው ተጀመረ። እማዬ ባልዲ ይዛ ወጣች፤ የመሥሪያ ቤቱን ባልዲ፣ የተጎረበጠውን። አባዬ ያሰፋላትን ሰማያዊ ጋዋን እንደለበሰች። ቀሚስ አልለበሰችም፤ ይህን ማንም አላዘዛትም። መሥሪያ ቤቱን አቀርቅራ የምትጠርገውን ሴት ያወቃት ብዙ ሰው ነው።

ጓድ ደምሴ ጋቢ ለብሰው፣ በትር ይዘው ወጡ። ይቅርታ ይደረግልኝና ጥሩ ተጫወቱ። ቅቤውን ከእናታቸው እጅ ተቀብለው እማዬ ራስ ላይ አደረጉ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ያዙ። የጻፍኩላቸውን ሁሉ አሉ፣ ያልጻፍኩትንም ጨመሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ውሃ አትቅጂ! እንጨት አትልቀሚ! ደጅ አትጥረጊ! ሥራሽን ሌላ ሰው ይሥራው! ቤትሽ ግቢ!»

ጭብጨባ። ድራማው እዚህ ላይ ያልቃል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። እማዬ ባልዲውን አስቀምጣ መውጣት ነበረባት።

አልወጣችም። ቅቤው በግንባሯ ሲወርድ በመዳፏ ጠረገችና ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች።

«ጓድ ደምሴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ነው?»

እንደዚያ ነው ያለችው። ቀስ ብላ። ቤት ውስጥ ጨው አለ ወይ ብላ እንደምትጠይቀው።

ጓድ ደምሴ አፋቸውን ከፈቱ። «በመሠረቱ...»

እማማ ገበያነሽ ብድግ አሉ። «ቅቤው ከራሷ ሳይደርቅ ምን በመሠረቱ ትላለህ! ሰው ሁሉ ሰምቷል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ተወካዩ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ «ጓዲት እውነት እዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት?» ብለው ጠየቁ። አዎ ተባለ። «ታዲያ ይኼ ነው በተግባር መቀበል! ሌሎችም ከናንተ ይማሩ!» አሉና ደግመው አጨበጨቡ።

ጓድ ደምሴ ተወካዩን አዩ፣ እናታቸውን አዩ፣ እማዬን አዩ። እማዬ ላይ ረዘም አድርገው ቆዩ። ላባቸው ጋቢው ላይ ይንጠባጠባል።

«ከሰኞ ጀምሮ» አሉ።

«በመሠረቱ» አላሉም።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬን፣ «ያንን ማን ነገረሽ? እኔ እኮ አልጻፍኩትም» አልኳት።

«አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምታስቢው?» አለችኝ።



ታኅሣሥ 22፣ ሐሙስ

ዛሬ ሆን ብዬ በመሥሪያ ቤቱ በኩል አለፍኩ። ጓድ ደምሴ ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ባልዲ ይዘው ደረጃ ይወጣሉ! ምትክ ለመቅጠር በጀት የለም፤ ሠራተኛው ተራ ገብቶ ውሃ ያወጣል፣ ጠዋት ጠዋቱን ግን እሳቸው ናቸው። እናታቸው፣ የቀባ ሰው ነው የሚሠራው ብለው ይዘዋቸዋል፤ ሳይቀዱ ከመጡ ራት የለም።

«ደህና አደሩ ጓድ ደምሴ። ባልዲው በማን ስም ነው?» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን መሃል ደረጃ ላይ ቆመው ወገባቸውን ይዘው ሲተነፍሱ አየሁና ተውኩት። የቀረውን ደረጃ ቆጥረው ይመስለኛል ወደ ላይ ያዩት። ማታ ከአጥራችን ማዶ ለእናታቸው ሲናገሩ ሰማሁ፦ «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ነው እንዴ የምታወጣው?»

እማማ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም።

እማማን ቀን ላይ ለብቻቸው አግኝቼ ጠይቄያቸዋለሁ። «ያ ባህል እውነት አለ?»

«ከእናቴ ነው የሰማሁት።»

«መቼ?»

«ከሙዝ ዛፉ ቅጠል ቁረጪልኝ» አሉኝ።

ጥር 6፣ ሐሙስ

ምጥ። ጋሪ። አባዬ እማዬን ከነፋሱ የሚሸፍንበት ሲያጣ ፊደሉን ሊፈታ ቤት ያመጣውን የመፈክር ጨርቅ ጎትቶ ደረበላት። ቡሹሎ ሄዱ። እኔ ቤት ጠብቂ ተባልኩ። እማማ ገበያነሽ ከኔ ጋር ናቸው። 

ቀኗ ደርሷል። የዘንድሮው ቀኗ ደርሷል። ውሃ አላነሣችም። ይህን ደጋግሜ እየጻፍኩ ነው።

ጥር 7፣ ዓርብ

ሴት ናት። ትጮሃለች። ከጋሪው ላይ ሳለች መንገድ ማዶ ሰማኋት። እማማ በሩ ላይ ቆመው፣ «ዳኤ ቡሹ! ዳኤ ቡሹ!» አሉ፤ በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ነው። አባዬ ያለ መኪና ዘመረ፣ ጮክ ብሎ፣ መንገድ ላይ። ማንም ዝም በል አላለውም።

ስም አሁን አናውጣላት አልኩ። ሁለቱም ለምን አላሉኝም።

ጥር 18፣ ማክሰኞ

ስም ወጣላት። ጓድ ደምሴ ሊጠይቁ ሲመጡ «ዕቅድ» ብትባልስ ብለው ነበር። እናታቸው አዩዋቸውና ተዉት። ደስታነሽ ተባለች፤ ለምን እንደሆነ ያየ ሰው ይገባዋል። ቀዩን ጨርቅ አባዬ አጥቦ ሲያጥፍላት ነጩ ፊደል አብሯት ይጠቀለላል። ከላይ «በደስታ እንቀበላለን» የሚለው ብቻ ነው የሚታየው፣ ከሥሩ ያንን ሁሉ አፍ ከፍታ የምትጮህ ፊት።

ጓድ ደምሴ ቅቤ ይዘው ነበር የመጡት። እውነተኛ ቅቤ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከራሳቸው ኪስ። አስቀመጡና ጉሮሯቸውን አጸዱ።

«ጓድ ማቴዎስ፣ በመሠረቱ የመጣሁት... ያ ጨርቅ በፊርማ...»

ከዚያ አዩዋት። አባዬ ደንግጦ፣ «ዛሬውኑ ፈትቼ እመልሳለሁ» አለ።

ጓድ ደምሴ ጎንበስ ብለው ጫፉን አስተካከሉላት። ባልዲ ያሻከረው መዳፋቸው ጨርቁን ያዝ አደረገው።

«የለም» አሉ። «በመሠረቱ ጨርቁ ሥራ ላይ ነው።»

እስከ ዛሬ ካደረጓቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩ ነው። ቢጨርሱም አላጨበጨብኩም፤ የተኛ ሰው ነበር።

እማዬ ተኝታለች። በጠራራ ፀሐይ። በሥራ ቀን። አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች፣ ማንም አይቀሰቅሳትም።